አንደኛው ጥያቄ መጨረሻ ላይ

ሰፈሩ የሚጠራት «እትዬ ስንት» ብሎ ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፤ ከመታወቂያው ውጪ ግን የሚያስታውሰው የለም። እንዴትስ ያስታውሰው? አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳች «ቤተሰቡ ስንት ነው? መኝታ ቤቱ ስንት ነው? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ስትል የኖረች ሴት ናት። በከተማው የስታትስቲክስ ቢሮ መረጃ ሰብሳቢ ነች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ከሰዓት በኋላ እግሯ ስለሚያብጥ ጫማዋን አንድ ቁጥር አስበልጣ የምትገዛ፣ ደረጃ ስትወጣ ከራሷ ጋር የምትጨቃጨቅ ሴት።

ባሏ እዚያው ሰፈር ትንሽ ዳቦ ቤት ያለው ጋጋሪ ነው። ቀልድ ካልተናገረ ምግብ የማይወርድለት ዓይነት ሰው። እሷ ደግሞ ጎረቤት አመመው ሲባል ድስቱን እሳት ላይ ጥላ የምትሮጥ ናት፤ ተመልሳ ስትመጣ ባሏ የተቃጠለውን በማንኪያ እየፋቀ ይጠብቃታል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አግብቻታለሁ» ይላታል። እሷም «ዝም ብለህ ፋቅ» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ቢሮው አዲስ አለቃ መጣለት። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ መነጽሩ እየተንሸራተተ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚቀር፣ ሲናገር እጁን መላልሶ የሚያፍተለትል ልጅ። መረጃ ሰብሳቢዎቹን ሰበሰበና «እስከ ዛሬ የቆጠርነው ቧንቧና አምፖል ነው» አላቸው። «ምክር ቤቱም በጀት ሲደለድል የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ቧንቧ ያለው ሰው ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው? ከእንግዲህ ሰውን ራሱን ስለ ኑሮው እንጠይቀዋለን። የሚሰጠን ቁጥር ከቧንቧው ቁጥር ጎን ይቀመጣል፤ አዲስ ነገር ሲሠራም ኑሮ ከከፋበት ሰፈር ይጀመራል።»

ከኋላ የተቀመጡት ተንሾካሾኩ። «ደስታ የሚለካው በሊትር ነው በኪሎ?» ያለም ነበር። እትዬ ስንት ግን አልሳቀችም። ሰው በር ላይ የሚነግራትን ነገር የምትጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አጥታ፣ ሁሉንም በሆዷ ይዛ ስትመለስ የኖረች ሴት ናት። እንዲያውም እንባዋ መጣ፤ ያስነጠሳት አስመስላ አለፈችው።

አዲሱ ቅጽ አርባ ጥያቄ ነበረው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሁሉን ነገር አስበው ሲያዩት፣ በአሁኑ ጊዜ በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል? ዜሮ ማለት ጨርሶ አልረካሁም፣ አስር ማለት ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ ማለት ነው።» ከስሩ ደግሞ በቀይ ቀለም መመሪያ አለ፦ «ይህ ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ፣ ሌላ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ።» አለቃው ይቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበላቸው።

ለእሷ የደረሳት የራሷ ሰፈር ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ዳገት። ከሰፈሩ ቤቶች ውስጥ በዕጣ ናሙና የሚሆኑ አርባ ሁለት ቤቶች ወጡ። በየስድስት ወሩ እነዚያኑ አርባ ሁለቱን ትጠይቃለች፣ ሌላ ቤት አትነካም። የመጀመሪያው ቀን የሄደችው ከዝርዝሩ አስራ ሰባተኛው ቤት፣ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ነው። ሽማግሌው የሚኖረው አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሚስቱን ከቀበረ ሦስት ወሩ ነበር። በሩን ሲከፍትላት ጤና ይስጥልኝ ብላ፣ ታብሌቷን አብርታ፣ እንደታዘዘችው አንደኛውን ጥያቄ አነበበችለት። ሽማግሌውም «ልጄ፣ ገና ሳትቀመጪ?» አላት።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እስቲ አስቡት! ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤት ገብተህ፣ ወንበር ሳትስብ፣ ሕይወትህ ከአስር ስንት ነው ትለዋለህ? ነውር አይደለም? እሷም ነውር ነው አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ለጊዜው እለፍ» የምትለዋን ምልክት እየተጫነች አንደኛውን ጥያቄ ወደ መጨረሻ መግፋት ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም። ስህተት ነው ብላ አላሰበችውማ፤ ምግባር ነው ብላ ነው እንጂ። እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም።

ከዚያ ወዲህ የእሷ አጠያየቅ እንዲህ ሆነ። ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ጫማዋን ታላላለች። «እንቅልፍ እንዴት ነው?» የሚለውን ስትጠይቅ እንቅልፍ የነሳው ነገር ሁሉ ይወራል። «ሲታመሙ የሚጠሩት ሰው አለ?» ስትል የልጆቹ ፎቶ ከመሳቢያ ይወጣል። መሃል ላይ ለአንዷ መርፌ ክር ታስገባላታለች፣ ለሌላው የመድኃኒቱን ወረቀት ታነብለታለች። ሌላው ጠያቂ በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰው እሷን አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። በመጨረሻ ተነስታ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ካደረገች በኋላ «እንግዲህ የቀረችን አንዲት ጥያቄ ናት» ትላለች። ሰዓት ሠሪውም ፈገግ ብሎ «ዛሬማ ስምንት በይ» ይላታል። ሌላዋ ዘጠኝ ትላለች። ሰባት ያለ ሰው ካለ ጥርሱን ያመመው ነው። እሷም ቁጥሩን እያስገባች፣ ጎረቤቶቿ ከምታስበው በላይ ደህና ናቸው ብላ በደስታ ደረጃውን ትወርድ ነበር።

ሰዓት ሠሪውን ከሁሉ አብልጣ ትወደዋለች፤ ይህን አልደብቃችሁም። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው ከሚስቱ ቀብር ወዲህ መንገድ ላይ ወርዶ አያውቅም። ዳቦውን በመስኮት በገመድ በሚያወርዳት ቅርጫት ነው የሚቀበለው፤ ባሏ ትኩሱን መርጦ ይጨምርለታል። የሚያሠራው ሰውም ቀርቷል። ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ሰላሳ ያህል ሰዓቶች መሳቢያው ውስጥ አሉ፤ ጧት ጧት እያወጣ ይወለውላቸዋል። «አባባ፣ ለምን ይለፋሉ?» ስትለው «ድንገት ቢመጡስ? ዝጎ ላስረክባቸው?» አላት።

አራተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት ዜና መጣ። ከተማው ለአረጋውያን ሦስት የቀን መዋያ ቤቶች ሊከፍት ነው። ሞቅ ያለ ክፍል፣ ሻይ፣ ጋዜጣ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነርስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ያለበት ቤት። ሰባት ሰፈሮች ተወዳደሩ፤ የሚመረጡትም በጥናቱ ነው፣ የእርካታ ቁጥራቸው ዝቅተኛ የሆነው ሦስቱ። ዳገቱ ግርጌ ለዚህ የሚሆን፣ ተዘግቶ የቀረ የድሮ ፖስታ ቤት ስላለ ሰፈሩ ቤቱን እጁ ያስገባ ያህል ተደሰተ። ገና ሳይፈቀድ ሁለት አሮጊቶች መስኮቱ አጠገብ በሚኖረው ወንበር ተጣሉ። ሰዓት ሠሪውም «ይከፈት ብቻ! በቂጤ እየተንሸራተትኩም ቢሆን እወርዳለሁ» አለ። እትዬ ስንትም በየቤቱ «የምትነግሩኝ ነገር ከንቱ አይቀርም፣ ምክር ቤት ነው የሚደርሰው» እያለች ቃል ገባች። ቃል የገባችው እሷ ናት፣ ልብ በሉ።

ዙሩ አልቆ የሰፈሮቹ ዝርዝር ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጧት ሰው ገፍታ ቀርባ አነበበች። የእሷ ሰፈር ሰባተኛ ነው። ከሰባት ሰባተኛ።

አለቃው ክፍል ሳታንኳኳ ገባች። «እርስዎ፣ ይሄ ማሽን አብዷል!»

ልጁ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋና ስክሪኑን አዞረላት። «እትዬ፣ ማሽኑ ምን ያድርግ? የከተማው አማካይ አምስት ነጥብ ስድስት ነው። የእርስዎ ሰፈር ሰባት ነጥብ ዘጠኝ። ከከተማው ሁሉ የረካው ሰፈር እሱ ነው። እኔማ እንኳን ደስ ያለዎት ልልዎት ነበር።»

«የረካው?» አለች። «አራተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ የሚኖር ሰው፣ ዓይኗ ጠፍቶ ድስት በማሽተት የምታበስል ሴት፣ እነዚህ ናቸው የረኩት?»

«እነሱ ራሳቸው የሰጡት ቁጥር ነው። ያስገቡትም እርስዎ ነዎት።»

ወጥታ ሄደች።

እቤት ስትገባ ባሏ የዱቄት ጆንያ እያራገፈ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ሰው እንዴት እንዲህ ይዋሻል፣ ስምንት ምን ማለት ነው፣ ተመስገን ማለት ልማድ ሆኖባቸው ነው እያለች ተንገበገበች። ባሏ ጆንያውን አጥፎ ሲያበቃ «እኔ ያልገባኝ» አላት፣ «ሰውየው አጫውተሽው፣ አስቀሽው፣ መድኃኒቱን አንብበሽለት፣ ልክ ደስ ሲለው ነው እንዴ ደስ ብሎሃል ወይ የምትይው?»

የዱቄቱ ብናኝ እስኪበርድ ድረስ ቆማ ቀረች። ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «ወይኔ ጉዴ» አለች። «እኔ ነኛ! ቤቱን ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ።»

ባሏ ቀልዱን ተወ። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አወራት። ኮንትራቷ በየዙሩ የሚታደስ መሆኑን፣ መመሪያ ጥሻለሁ ብላ ከተናገረች ማንም እንደማያድስላት፣ ዝም ካለች ደግሞ ማንም እንደማያውቅ ነገራት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእሷ ሰግቶ ነው። እሷ ግን የምታስበው መስኮት አጠገብ በሚኖረው ወንበር የተጣሉትን አሮጊቶች ነበር። «ነገ ዳቦ ሲወስዱ ዓይናቸውን አይቼ እንዴት ነው መልስ የምሰጣቸው?» አለችው። ባሏም ተነፈሰና «እንግዲያውስ ጧት ቁርስ በልተሽ ሂጂ፤ በባዶ ሆድ እውነት አይናገሩም፣ ያዞራል» አላት።

ጧት አንኳኩታ ገባች። ቆማ ተናገረች። ጥያቄ አንድን ለሁለት ዓመት መጨረሻ ላይ ስትጠይቅ እንደኖረች፣ ለምን እንዳደረገችው፣ ሰዓት ሠሪው ያላትን ሁሉ ሳትቀንስ ሳትጨምር። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሰዎቹ አይደለም። እኔን የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ፣ ሰፈሩን ግን በኔ ጥፋት አይቅጡት» አለች።

ልጁ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ሊቆጣም ይገባዋል። «በቀይ ተጽፎ! ሦስት ጊዜ አንብቤላችሁ!» ብሎ ጮኸ። እሱም እኮ ይህን ጥናት ምክር ቤት ያስገባው ስንት ሰው ስቆበት ነው። ቀጥሎ ማሽኑን መረመረ። ታብሌቱ እያንዳንዱ መልስ የገባበትን ደቂቃ ይመዘግባል። የሌሎቹ ጠያቂዎች ጥያቄ አንድ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ደቂቃ ነው። የእሷ ሃምሳ አምስተኛው፣ ሃምሳ ስምንተኛው፣ አንድ ቤት ላይማ ሰባ አንደኛው ደቂቃ። ልጁ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ቁጣው በረደ።

«ምክር ቤቱ የሚቀመጠው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው» አላት። «ሌላ ሰው ልኬ አርባ ሁለቱንም ቤት እንደገና አስጠይቃለሁ። እርስዎ ግን፣ እትዬ... ስምዎን ከጠያቂዎች ዝርዝር ማውጣት አለብኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ደግሞም ጥያቄው እስኪያልቅ ድረስ ከነዚህ ቤቶች አንዱንም አይረግጡም። ዝቅ አድርጋችሁ መልሱ የሚል ቃል ከአፍዎ ቢወጣ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሰላምታም ይቅር።»

ሥራዋን ሲነጥቃት ያልወጣ እንባዋ ይቺን ሲላት ወጣ።

እንደዚያ ሁለት ሳምንት የረዘመ ጊዜ አይታ አታውቅም። ጧት ባሏ ዳቦ ቤት ትገባለች፣ ከኋላ ሆና ሊጥ ትመዝናለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ጀርባዋን ትሰጣለች። በሰዓት ሠሪው መስኮት ስር ላለማለፍ በወፍጮ ቤቱ ዞራ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ የተላከችው ልጅ ከከተማው ሌላ ጫፍ የመጣች ፈጣን ናት፤ ቤት ገብታ በአስራ ስምንት ደቂቃ ትወጣለች። እትዬ ስንት ከዳቦ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ሆና እያየቻት «ውኃ እንኳ አልጠጣችም» እያለች ትብሰለሰል ነበር። ያሳዝናል እኮ፤ የምትወዳቸው ሰዎች ብቸኝነታቸው በትክክል እንዲለካ እሷ ራሷ ብቻቸውን መተው ነበረባት።

በስምንተኛው ቀን ባሏ ሎሚ የሞላ ፌስታል ይዞ ገባ። ዳቦውን ቅርጫቱ ውስጥ ሲያደርግ ሽማግሌው ከላይ «ምን አደረግኳት ሚስትህን? ለምን ጠፋችብኝ?» ብሎ ጠይቆት፣ የሚለው ቢጠፋው «ጉንፋን ይዟታል አባባ» ብሎት ነበር። ሽማግሌው ቅርጫቷን ወደ ላይ ሳበና መልሶ አወረዳት፤ ስድስት ሎሚ አለባት። «ትኩስ አድርጋ ትጠጣው ብሏል» አላት ባሏ፣ ወዲያ እያየ። እሷም አንዱን ሎሚ በእጇ ይዛ ስታለቅስ ዳቦው አረረ፤ የዚያን ቀን ማንም ተረት አልተረተባትም።

ጥያቄው ሲያልቅ አለቃው ራሱ ዳቦ ቤት መጣ። ሁለት ዳቦ ገዛ፣ ዳቦውን ይዞ ቆመ፣ እንዴት እንደሚጀምር ጨነቀው። «አራት ነጥብ ሦስት» አላት በመጨረሻ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አራት ነጥብ ሦስት ማለት ከሰባቱ ሦስተኛው ዝቅተኛ ማለት ነው። ቤቱ ይከፈታል ማለት ነው። ግን ሚዛኑን ተደግፋ «አስራ ሰባተኛው ቤት?» አለች።

«ልነግርዎት አይፈቀድልኝም።»

«እንግዲያው አይንገሩኝ።»

ልጁ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ሁለት» አላት ቀስ ብሎ። «ልጅቷ ስትጠይቀው፣ ሁለት።»

«ስምንት ያለኝ ውሸቱን ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም። እኔም መጀመሪያ እንደሱ መስሎኝ ነበር፤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ስምንት ሲልም እውነቱን ነው፣ ሁለት ሲልም እውነቱን ነው። ሁለቱንም ቁጥር ነው ምክር ቤት ይዤ የምገባው።»

ይዞም ገባ። ሲመለስ የሆነውን ነገራት። አንድ የምክር ቤት አባል፣ ሽበታም ሰው ነው አሉ፣ ሁለቱን ቁጥር አይቶ «ለመሆኑ በዚህ ሰፈር ምን ተሠርቶለት ነው ከአራት ወደ ስምንት የወጣው? መንገድ ነው? መብራት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁም «አይደለም ክቡርነትዎ፤ አንዲት ሴት አንድ ሰዓት አብራቸው ተቀምጣ ነው» ብሎ መለሰ። የፖስታ ቤቱ ነገር በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሰው ለሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚቀመጥበት መላ ይፈለግ የሚለው ሐሳብ ግን «በሚቀጥለው ዓመት ይጠና» ተባለ። ጥናት ለሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

ቤቱ የተከፈተው በአንድ ብሩህ ጧት ነው። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፣ ወንበሮቹ አዲስ ናቸው፣ አሮጊቶቹም መስኮቱ አጠገብ ተገፋፍተው ሁለቱም ተቀምጠዋል። አለቃው በሩ ላይ ቆሞ እየቆጠረ «ሰላሳ ስምንት! እትዬ፣ ሰላሳ ስምንት ሰው!» አላት። ደስታው ከፊቱ ሞልቶ ይፈስ ነበር። እሷም አቀፈችው፤ ቀጥሎ ዓይኗ ክፍሉን ዞረ። የመጡት እነማን ናቸው? ቀድሞም ገበያ የሚወጡት፣ በር ላይ ቆመው የሚጫወቱት፣ ጉልበታቸው ደህና የሆነው ናቸው። አስራ ሰባተኛው ቤት የለም። ዓይኗ የጠፋው ሴትዮ የለችም።

«አንተ ልጅ» አለችው፣ ክብርና ማዕረጉን ረስታ፣ «ስድስት ያሉት መጥተዋል። ሁለት ያሉት የሉም።»

ልጁ ክፍሉን እንደገና አየ። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ። እሷ ግን ወጥታለች።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰዓት ሠሪው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። መጋረጃው ተዘግቷል። «ሰባት ደረጃ ወርጄ ነበር» አላት ሳያያት። «ሰባት። ከዚያ እየዳህኩ ተመለስኩ። ማንም አላየኝም፤ አንቺም እንዳታወሪ።»

«አላወራም፣ አባባ።»

«ጉንፋኑስ ተሻለሽ?»

አጠገቡ ተቀመጠችና ጉንፋን እንዳልነበረ፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠፋች ሁሉንም ነገረችው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰማት። «እኔ ደግሞ ሰለቸኋት ብዬ» አለ። «ለዚያች ፈጣን ልጅ ሁለት ያልኳት ተናድጄ ነው። አይ፣ ተናድጄም አይደለም። እውነቴን ነው።» እጁን ያዘችው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ትንሽ ቆይታ በመስኮቱ ብቅ አለችና ባሏን ጠራችው። ባሏ ከነሽርጡ መጣ፤ ልብ ብላ ስታይ አለቃውም በሙሉ ልብሱ ከኋላው ደረጃውን ይወጣል። ሽማግሌውን መደገፊያ ባለው የሥራ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፤ ባሏ ከኋላ፣ አለቃው ከፊት ሆነው አነሱት። እሷ ወደ ኋላ እየወረደች «ግራ! ቀስ! ጥግ ጥጉን!» ትላለች።

«አንተ ጋጋሪ፣ ሊጥ አይደለሁም፣ አታማታኝ!» ይላል ሽማግሌው።

«ሊጥማ ዝም ይላል አባባ!»

«ይሄ ከፊት ያለው ማነው? ክንዱ ይንቀጠቀጣል።»

«ሁለት ያሉትን ምክር ቤት ያደረሰው ነው» አለችው እትዬ ስንት። የልጁ መነጽር ተንሸራትቶ ሊወድቅ ሲል፣ ሁለቱም እጁ ወንበሩን ስለያዘ እሷ በጣቷ ወደ ላይ ገፋችለት።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው እጁን አነሳ። «አንዴ አስቀምጡኝ» አለ። የደከመው መስሏቸው አስቀመጡት። እሱ ግን ፊት ለፊት ያለውን ቡናማ በር ነበር የሚያየው። «እዚህ ቤት ከእኔ ወለል ስር አንዲት ሴት ሳል ይዟት ትስላለች። እዚህ የገባችው እኔ መውረድ ካቆምኩ በኋላ ነው፤ መልኳን አላውቅም። እኔ ስስል ዝም ትላለች፣ እኔ ሳበቃ እሷ ትቀጥላለች። ዓመት ተኩል እንዲህ ስንጫወት ኖርን። ከትናንት ጀምሮ ግን ስዬ ስጠራትም አልመለሰችልኝም።»

አለቃው ላቡን በክንዱ እየጠረገ «ይሄ ቤት ናሙናው ውስጥ ነበር?» አለ።

«አልነበረም» አለች እትዬ ስንት። አራት ዙር ሙሉ፣ ወደ ሰዓት ሠሪው ስትወጣ ትንፋሿን የምትሰበስበው እዚሁ በር ፊት ለፊት ቆማ ነው። ቦርሳዋን የምታሳርፈው እዚሁ ነው። ቤቱ በዕጣ ስላልወጣ አንድም ቀን አላንኳኳችውም።

አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ከውስጥ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎም ቀጭን የሴት ድምፅ፦

«ግፉት፣ ክፍት ነው። ድንገት የሞትኩ ቀን እንዳትሰብሩት ብዬ አልቆልፈውም።»

ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ ቀና ብሎ፣ የሸሚዙን አንገት አስተካከለ።

«ልጆች» አለ፣ «እኔን እዚሁ ተዉኝ። መጀመሪያ እሷን አውርዱ።»